የአዴ የሺ አንድ ድስት

በዚያ ረቡዕ ጠዋት በሰፈራችን ጡሩንባ ሁለት ጊዜ ተነፋ፤ መጀመሪያ ከላይኛው መንገድ፣ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ከሁሉቃ ወንዝ በኩል። የሰማ ሁሉ ሁለት ሰው የሞተ መስሎት ነጠላውን አዘቅዝቆ ወጣ። የሞቱት ግን አንድ ሰው ነበሩ። እኛ አምቦዎች አዴ የሺ የምንላቸው ወይዘሮ የሺመቤት ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ በቤታቸው አርፈዋል። ጡሩንባው ሁለት የሆነው በሁለት ዕድር ውስጥ ስለነበሩ ነው።

ይህን የምጽፈው ለምታውቋቸው ሁሉ ነው። እጃቸውን ለቀመሳችሁ፣ በሥራ ወደ ካቺሲና እንጭኒ ለተዛወራችሁ፣ መርዶው ዘግይቶ ለደረሳችሁ። ቀብር ላይ አንድ ሰው ተነስቶ «አዴ የሺ ቢሞቱም ሥራቸው ሕያው ነው» ብሎ ተናገረ። ለአፉ ያህል ነው። እኔ ከሙሽርነቴ ጀምሮ አጥር ለአጥር የኖርኩ ጎረቤታቸው ነኝ፤ ሥራቸው ሲሞት በዓይኔ አይቻለሁ፤ ያውም ከእሳቸው ቀድሞ። ስለዚህ እንደ ወጉ አሳምሬ ልጽፍላቸው አልቻልኩም። ያየሁትን ልጻፍ።

አባታቸው ከመንዝ መጥተው አምቦ የቀሩ ነጋዴ ነበሩ። እሳቸው ያገቡት ግን ኦቦ ዲንሳን ነው፤ በጉደር በኩል በጤና ጣቢያ በድሬሰርነት ቁስል እያጠቡ የሠሩ፣ እንደኔው ከጴንጤ ቤተሰብ የተወለዱ፣ ረጋ ያሉ ሰው። ኦቦ ዲንሳ አይጾሙም፤ አዴ የሺ አንዲት ጾም አይሽሩም። የሁለቱም ዘመድ ይህ ጎጆ እንዴት ይዘልቃል እያለ ሲያማ አዴ የሺ ነገሩን በምድጃቸው ጨረሱት። ሁለት ድስት አልጣዱም። ከበዓል ቀን በቀር ዓመቱን ሙሉ የጾም ወጥ ሠሩ፤ ኦቦ ዲንሳም ቁጭ ብለው በሉ። ሰው ሲያሾፍባቸው «ምስር መብላት ኃጢአት ነው የሚል ጥቅስ ፈልጌ አጣሁ» ይሉና ይስቁ ነበር። አንድ ልጅ አላቸው፤ ለሊሴ ትባላለች፤ አግብታ ባኮ ትኖራለች።

ምን ዓይነት ወጥ ነው ብትሉኝ ምላሴ ላይ አለ። ሽንኩርቱን ያለ ምንም ዘይት በደረቁ እያማሰሉ ያቁላሉታል፤ የኑግ ዘይቱን ጠብ የሚያደርጉት ሊያወጡት ሲሉ ነው። የአተር ክካቸው፣ ጎመን በድንቻቸው፣ ከሽምብራ ዱቄት አሳ አስመስለው የሚጠብሱት ነገር፣ ሥጋ የለመደውን ሰው ዝም ያሰኘዋል።

ደግሞ ከዚያ ግቢ የሚወጣ ቆሻሻ የሚባል ነገር አልነበረም። ቆራሌው ሰፈሩን እየጮኸ ሲዞር የእሳቸውን በር ቀና ብሎም ሳያየው ያልፋል። የዘይት ቆርቆሮ ተቀጥቅጦ የምድጃ ክዳን ይሆናል። የተሰነጠቀ ጀሪካን ከወገቡ ይቆረጥና ታቹ የሽንኩርት ችግኝ ይበቅልበታል። የምስሩን እጣቢ ጎመኑ ይጠጣዋል፤ ከዘይት መጭመቂያ ለምነው የሚያመጡትን ፋጉሎ ላሟ ትበላዋለች፤ አመዱ ድስት ይፈትጋል። እኔ አዲስ አስተማሪ፣ አዲስ ሙሽራ ሆኜ የገባሁ ሰሞን ደጃፌ ላይ ድንች ስልጥ አጥር ተደግፈው ሲያዩኝ ቆዩና፣ «አስተማሪ ነሽ አሉኝ። ልጣጩን እንዲህ የምታወፍሪው ከድንቹ ጋር ምን ተጣልተሽ ነው?» አሉኝ። ተናደድኩ። እሳቸው ግን ገብተው ቢላዋውን ተቀበሉኝ፤ የቀረውን ላጡልኝና ልጣጩን በቀሚሳቸው ሰብስበው ሄዱ። «ይሄ የላሜ ነው፣ ኢንታላ ኮ» አሉ። እኔን ልጄ የሚሉኝ ሁልጊዜ በኦሮምኛ ነበር።

የመጀመሪያ ልጄ ስትሞትብኝ በየማለዳው የአጃ አጥሚት ይዘውልኝ ይመጡ ነበር። «አይዞሽ» አይሉም፤ «እግዜር ያውቃል» አይሉም። ጠጥቼ እስክጨርስ ተቀምጠው ዕቃውን ይዘው ይሄዳሉ። ያን ጊዜ እሳቸው ባይኖሩ እኔም ዛሬ አልኖርም ነበር፤ ይህን ለማንም እናገራለሁ።

እንግዲህ ወደ ድንኳኑ ልምጣ። ደርግ በወደቀ ሰሞን የዕድራችን የሸራ ድንኳን ከተቀመጠበት መጋዘን ጠፋ። ማን እንደወሰደው አልታወቀም። ያኔ ዕድራችን አንድ ነበር፤ ኦርቶዶክሱም ጴንጤውም ሙስሊሙም በአንድ ደንብ ይቀባበራል። ወንዶቹ አዲስ ሸራ በምን ይገዛል እያሉ ስብሰባ ሲያበዙ፣ አዴ የሺ በገበያ ቀን ከገጠር ከሚመጣው ገበሬ ባዶ የማዳበሪያ ጆንያ መለመን ጀመሩ። ወንዝ ወርደን አብረን አጠብነው፤ እጃችን አሳከከን። ከዚያ ከጆንያው ጠርዝ ክር እየመዘዙ፣ አንዱን ከአንዱ እያያያዙ፣ ክረምቱን ሙሉ ሰፉት። ሲያልቅ ከበፊቱ ሸራ ይሰፋ ነበር። ፀሐይ ሲያርፍበት ውስጡ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ፊቱ ቢጫ ሆኖ ወባ የያዘው ይመስላል፤ ዝናብ ግን አያስገባም።

በዚያ ድንኳን ሥር የሚበላውን የወሰኑትም እሳቸው ናቸው። የዕድሩ ሴቶች ስንሰበሰብ እንዲህ አሉ፤ «ሥጋ ላይ ስም ይጠራበታል። አንዱ በሥላሴ ስም ያርዳል፣ አንዱ በቢስሚላህ፤ ሌላው ደግሞ ረቡዕና ዓርብ አይነካውም። አተርና ጎመን ላይ ማንም ስም አልጠራም። ለቅሶ ቤት የሚጣደው እሱ ነው፤ አንድ ድስት።» ጎረቤታችን ወይዘሮ ዘይነባ ሙስሊም ናቸው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሽንኩርት ከታፊዋ እሳቸው ሆኑ። ወንዶቹ አጉረመረሙ፤ የሰው ለቅሶ ላይ ጎመን ብቻ ያሳፍራል አሉ። በኋላ ግን በሉ፤ ለብዙ ዓመት በሉ። ቄሱና ፓስተሩ አጠገብ ላጠገብ ተቀምጠው ከአንድ ትሪ ሲጎርሱ እያየሁ እኔ ሳህን አጥቤያለሁ። ያኔ ምንም ትልቅ ነገር አልመሰለኝም።

ያፈረሰን በግ ነው ይላሉ። በዓቢይ ጾም አንድ ወጣት ሞተና ጓደኞቹ ክብር መስሏቸው በግ አርደው ድንኳኑ ውስጥ አስገቡ። ሽማግሌዎቹ ሳህናቸውን ትተው ተነሱ። ከዚያ ቃል ተወራወረ፤ ጥንት የተባለው ሁሉ ተመዘዘ። እኔ በጉ ነው አልልም። በግ ብቻውን ዕድር አያፈርስም። ሆዳችን ቀድሞ ተለያይቶ ነበር መሰለኝ፤ ቤተ ክርስቲያኑም ቸርቹም የየራሱን መቃብር አጥሮ ነበር። በስብሰባ ለሁለት እንከፈል ተባለ፤ ሙስሊሞቹም በገዛ ፈቃዳቸው ወጡ።

ንብረት የተከፈለው በአዴ የሺ ግቢ ነው፤ ዕቃው እዚያ ስለሚቀመጥ። ድስትና ሳህኑ፣ አግዳሚው ወንበር ተከፈለ። ድንኳኑ ጋ ሲደርሱ የዕድሩ ዳኛ ኦቦ ጉርሜሳ፣ «በቃ ከመሀሉ ቅደዱት» አሉ። አንዱ ጎረምሳ ቢላዋ አነሳ። አዴ የሺ ከማጀት ወጡ።

«ቢላዋውን አስቀምጥ» አሉት። «ጨርቁ ምን አደረገህ?»

«አዴ፣ መከፈሉ እንደሆነ አይቀርም» አሉ ኦቦ ጉርሜሳ።

«እንግዲያው ምላጭ ስጡኝ፤ የመሀሉን ስፌት እፈታላችኋለሁ።»

ተቀምጠው ፈቱት። በዚያ ቀን አላለቀም፤ በማግስቱም ቀጠሉ። ክሩን ሳይበጥሱ እያወጡ እየጠቀለሉ፣ ራሳቸው የሰፉትን ራሳቸው። እኔ አላስችል አለኝ። «አዴ፣ ለምን ያግዟቸዋል? ይቅደዱት!» አልኳቸው።

«ከቀደዱት ጠርዙ ይተረተርና መልሶ አይያዝም» አሉኝ ቀና ሳይሉ። «እንዲህ ከፈታሁት ግን የታረቁ ዕለት እሰፋዋለሁ።»

ከዚያ በኋላ ብዙ አስቤበታለሁ። ያ ጨርቅ እዚያ ሁላችን ፊት በቢላዋ ተቀዶ ቢሆን ኖሮ ድምፁን የሰማ አንድ ሰው እንኳ ያፍር ነበር፤ ምናልባት «ቆይ» የሚል ይገኝ ነበር። እሳቸው ምንም ነገር ሲባክን ማየት ስለማይችሉ መለያየቱን አለሰለሱልን። ሁለቱም ወገን ጠርዙ ያልተጎዳ ግማሹን አጣጥፎ እያመሰገነ ሄደ። አዴ የሺ ጥፋት ከሠሩ ይህን ብቻ ነው፤ ለእሳቸው ግን አልነገርኳቸውም።

እሳቸው በሁለቱም ዕድር ተመዘገቡ። በእምነታቸው በአንዱ፣ የኦቦ ዲንሳ ሚስት ናቸውና በሌላው። በሁለቱም ለቅሶ እየሄዱ ምስራቸውን ጣዱ። መጀመሪያ የኛ ሴቶች «እኛ ጾም የለብን፣ ለምን ምስር?» አሉ። ቀጥሎ የእነዚያኞቹ «አዴ፣ ጭልፋዎ ከሥጋ ድስት መጥታ እንዳይሆን» አሉ። ማንም አላባረራቸውም። «አርጅተዋል፣ ይረፉ» ብለው ወንበር ሰጧቸው። ሥራ ወዳድ ሰው ወንበር ሲሰጡት ምን እንደሚሆን እኔ አይቻለሁ፤ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው የሰው ድስት ያያሉ። የድንኳኑ ግማሾችም አልቆዩም። አንዱ የእህል ማስጫ ሆነ፤ ሌላውን አይጥ በላው። አሁን ሁለቱም ዕድር ከአዲስ አበባ ያስመጣው ባለ ብረት ቋሚ ድንኳን አለው። ይህን ሲሰሙ አዴ የሺ የጠቀለሉትን ክር ለጎመን ችግኝ ማሰሪያ አደረጉት። እርቅ የሚለውንም ቃል ከዚያ ወዲህ ከአፋቸው አልሰማሁም።

ኦቦ ዲንሳ ከሞቱ በኋላ ቤቱ ጸጥ አለ። አዴ የሺም በመጨረሻ ታመው ሲተኙ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፤ «በኔ ለቅሶ ሁለት ድንኳን እንዳይተከል። አንድ ድስት ምስር ይበቃል፤ ዘይነባም ትቀምሰዋለች። ለሰዎቹ ንገሪልኝ።»

ነገርኳቸው። ኦቦ ጉርሜሳ ዛሬም የኛ ዕድር ዳኛ ናቸው፤ ክፉ ሰው አይደሉም። «መምህርት፣ አባል ሲሞት ድንኳን ይተከላል ይላል ደንቡ» አሉኝ። «ለአዴ የሺ ያልተተከለ ለማን ሊተከል ነው ቢሉኝ ምን እመልሳለሁ? ይልቅ እነዚያ ይተዉት።» የወዲያኛው ዕድር ዳኛ አቶ ታደሰም ሻይ ጋብዘው አዳመጡኝ። «ሁለት ድንኳን ለሳቸው ክብር ነው እንጂ ምን ይጎዳል? ካልሆነ ግን እነሱ ይቅሩ» አሉ። ተመልሼ ስገባ አዴ የሺ ፊቴን አይተው አልጠየቁኝም። ወደ ግድግዳው ዞረው ተኙ። ከዚያ በኋላ ምንም አልለመኑም።

እናም ረቡዕ ዕለት ከበራቸው ግራና ቀኝ ሁለት ድንኳን ተተከለ። በአንዱ ሽሮ ቀረበ፣ በሌላው የሥጋ ወጥ። ሁለቱም ግዴታውን ተወጣ፤ ደንብ የጣሰ የለም። ለቀስተኛው በሩ ጋ ሲደርስ ይቆምና ዘመዱን ፈልጎ ወደ ግራ ወይ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ወይዘሮ ዘይነባ መጡ። በሁለቱ መካከል ቆሙ፤ ወደዚህ አዩ፣ ወደዚያ አዩ። ከዚያ ዓይናቸውን በሻሻቸው ጠረጉና ወደ ቤታቸው ተመለሱ። አዴ የሺን ቤተ ክርስቲያን ቀበርናቸው፤ ኦቦ ዲንሳ ከከተማው በወዲያኛው ጫፍ ናቸው።

አዴ የሺ፣ አሁን ለእርስዎ ነው የምናገረው። ከሣልስቱ በኋላ ድንኳኖቹ ተነቅለው ሲሄዱ ለሊሴ ትልቁን ድስት ጣደች። ምስር ነው፤ ሽንኩርቱን እንደርስዎ በደረቁ አቁላልታ፣ የኑግ ዘይቱን መጨረሻ ላይ አድርጋ። በየቤቱ ዞረን ጠራን። ሁሉም በትሕትና «እንመጣለን» አለን። ወይዘሮ ዘይነባ ከለቅሶዎ ተመልሰው እንደተኙ ናቸው፤ ከአልጋ አልተነሱም። አመሻሹ ድረስ ጠበቅን። በማግስቱ አሙቀን ደግሞ ጠበቅን። እኔና ለሊሴ አንዳንድ ጉርሻ ቀምሰን መልሰን ከደንነው። ውሎ አድሮ ኮመጠጠ። በርበሬ ስላለው ላሟ አትነካውም፤ ጨው ስላለው ጎመኑ ሥር አይሆንም። የድስቱን ጆሮ ግራና ቀኝ ይዘን ወጣንና ከበርዎ ፊት ያለው ቦይ ውስጥ ደፋነው። ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ከኔ ይስሙት ብዬ ነው። ደህና ይሁኑ፣ አዴ።