ናና አምፖፎ ክብደት የቀነሱበት ዓመት

የከተማችን የአሱክሮም ሰው የማይናገረው ነገር የለም፤ ሹሙን ግን «ወፍረዋል» አይልም። ሹም አይወፍርም። አገር ይጠግባል፣ ካካዎው ያፈራል፣ የሹሙ አንገትም ይህንኑ ይመሰክራል። የሹማችን የናና ኦዱሮ አምፖፎ አንገት ሲመሰክር ሲመሰክር ከትከሻቸው ጋር ሊገጥም ሲቃረብ እንኳ ከተማው አይቶ እንዳላየ አለፈ።

ናና ከመሾማቸው በፊት ግንድ የሚጭን ከባድ መኪና ነጂ ነበሩ። እኔ ባዱ ደግሞ ረዳታቸው ነበርኩ። ከጫካው እስከ ወደቡ ድረስ ስንቱን ዳገት አብረን ወጣን፣ ስንቱን ጎማ በጭቃ ውስጥ ቀየርን። አጎታቸው ሲሞቱ በእኛ ዘንድ እንደ ዙፋን የሆነው የሹመቱ በርጩማ ለእሳቸው ደረሰና እኔን አፋቸው አደረጉኝ። ሹም አደባባይ ላይ በገዛ አፉ አይናገርም፤ እሳቸው በጆሮዬ ያንሾካሹካሉ፣ እኔ አሳምሬ እናገራለሁ። ሕዝቡም የሚለውን ለእኔ ይላል፣ እኔ ለእሳቸው እደግማለሁ። ይህን ሥራ ከእኔ የተሻለ የሚሠራው የለም፤ የሚጠራጠር ካለ ይምጣና ይሞክረው።

የሹመት ጣጣው መብሉ ነው። መሪ ጨብጦ፣ ግንድ እያሰረ የኖረ ሰው ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ፉፉ የሚባለውን የካሳቫ ገንፎ ሲውጥ የሚሆነውን መገመት አያዳግትም። አምና በአዲሱ የቦዬ ምርት በዓል ናናን በሸክም አልጋው ላይ አድርገን ወደ ታላቁ አደባባይ ዳገቱን ስንወጣ፣ ኩርባው ላይ የተሸካሚዎቹ ጉልበት ከዳቸው። አልጋው ዘመመ። ናና የጥላቸውን ዘንግ ባይዙ ኖሮ አብቅቶላቸው ነበር። ከበሮ መቺዎቹ ደንግጠው ይበልጥ ደበደቡት፤ እንደ ጭፈራ ተቆጥሮ አለፈ። በእኛ ዘንድ ከሸክም አልጋ የወደቀ ሹም ተመልሶ በርጩማው ላይ አይቀመጥም። በእግሬ ልሂድ ላለ ሹም ደግሞ የጎረቤት ከተማ ልጆች ዘፈን ያወጡለታል።

ዘንድሮ በዓሉ ሲቃረብ የተሸካሚዎቹ አለቃ ቦአሄን ግቢ መጣ።

«አጎቴ ባዱ፣ ለናና ንገርልኝ» አለ። «የሸክም አልጋው ከብዷል። እንጨቱ ዝናብ ሳይጠጣ አልቀረም።»

ናና እዚያው አጠገባችን ተቀምጠው ሰምተዋል። ቢሆንም ዞሬ ደገምኩላቸው።

«ፀሐይ ላይ ያስጡት በለው» አሉ።

«እንጨት የጠጣውን ፀሐይ ታስተፋዋለች ይላሉ ናና» አልኩ።

ቦአሄን ራሱን አከከ። «አስጥተነው ነበር። ባዶውን ሲሆን ቀላል ነው። የሚከብደው ከተሞላ በኋላ ነው።»

«በምን ከተሞላ በኋላ?» አልኩት።

«በክብር። የናና ክብር ካምናው በጣም ጨምሯል፤ ልጆቹ ትከሻቸውን እያመማቸው ነው።»

በከተማው ውስጥ ሹሙን ፊት ለፊት መገሰጽ የሚፈቀድላቸው አንዲት ሰው አሉ፤ ሹም የሚመርጡት እናት ንግሥቷ፣ የሹሙ አክስት ናና ሴዋ፤ «ናና» ለሁለቱም የክብር መጠሪያ ነው። ጥግ ላይ ተቀምጠው ጥርሳቸውን በእንጨት ይፍቁ ነበር። እንጨቱን ከአፋቸው አወጡ።

«ክብር አይደለም፣ ቦርጭ ነው» አሉ። «አንተ ልጅ፣ ወፍረሃል። ዘንድሮ የሹሞች ሁሉ የበላይ፣ ታላቁ ሹም፣ አደባባዩ ላይ ተቀምጠው ይጠብቁሃል። ብትወድቅ የማለቅሰው ለአንተ አይደለም፤ አንተን ለመረጥኩት ለራሴ ነው።»

ቦአሄን ምንም እንዳልሰማ ጣሪያውን ያይ ጀመር። ናና ፊታቸው ጠቆረ። እኔ አውቃቸዋለሁ፤ ያ ቁጣ ሳይሆን ፍርሃት ነበር። መኪና በመንዳት ዘመናቸው ማንም ሰው ተነስቶላቸው አያውቅም። ያችን በርጩማ ካጡ የሚመለሱበት መሪ እንኳ የላቸውም፤ መኪናው ተሸጧል።

በዚያው ማታ ምክር ተደረገ። እናት ንግሥቷ መብሉ ከነገ ጀምሮ ይቁም አሉ። «ጥርስ ሲነቀል ዛሬ ግማሹ፣ ነገ ግማሹ ይባላል እንዴ?»

የናና ሚስት አፍራኮማ አልተስማሙም። «ጥርስ አይደለም፣ እናቴ፣ ሆድ ነው። የለመደውን ሆድ በአንዴ ብትከለክሉት ያምጻል። ትንሽ ትንሽ ይቀነስ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

«እንቁላሉ እግር እስኪያወጣ በዓሉ ያልፋል!»

ናና እጃቸውን አነሱ። «ዳገት ላይ የቆመ መኪና ካልተነሳ አልተነሳም፤ ከተነሳ በአንዴ ነው!» አሉ። በዚህ እምነታቸው ስንት ፍሪሲዮን እንዳቃጠሉ የማውቀው እኔ ነኝ። ግን አፍ እንጂ ጭንቅላት ተብዬ አልተሾምኩም።

በማግስቱ ገና ሳይነጋ ካካዎ መመዘኛው ጋ ሄድን፤ እሳቸውን የሚችል ሌላ ሚዛን ከተማው ውስጥ የለም። የሹም ባዶ እግር መሬት አይነካምና ከነጫማቸው ቆሙ። ሁለት ጆንያ ካካዎ ሊሞሉ ጥቂት ቀርቷቸዋል። «ጫማው ይቀነስ» አሉ። ጫማውን ብንቀንስም ያው ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ውሃና ፓፓያ ብቻ ሆነ። ናና ፓፓያውን ገና ሲያዩት ይቆጡት ጀመር። በገበያው ቀን ችሎት ተቀመጥን። የአንዱ ፍየል የሌላው የካሳቫ ማሳ ውስጥ ገብታ፣ ባለማሳው አርዷታል። ናና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ሥጋው ምን ሆነ?»

«ናና የበደሉን ፍጻሜ ማወቅ ይሻሉ!» አልኩ።

«ተበላ» አለ ተከሳሹ።

«በምን ወጥ? በኦቾሎኒ ነው ወይስ በዘንባባ ፍሬ?»

«ናና ከበደሉ ጋር የተባበሩትን ሁሉ በስም ይጠይቃሉ!»

ተከሳሹ የጎረቤቶቹን ስም መዘርዘር ያዘ። ናና አይናቸውን ጨፍነው ምራቃቸውን ዋጡ። ፍርዱን ለመስጠት ሲነሱ ጉልበታቸው ታጠፈ፤ ደርሼ ባልደግፋቸው እዚያው ተዘርግተው ነበር። ችሎቱን የሞላው ሰው ሁሉ አየ።

ፀሐይ አናት ላይ ሳትደርስ ወሬው ከተማውን ዞረ። ናና ታመዋል። የለም፣ የአባቶች መንፈስ ከበርጩማው ገፍቷቸዋል። እኛ ጋ ደግሞ ሹም ከሳ ሲባል መድኃኒት አይመጣም፤ ድስት ነው የሚመጣው። እንቁላል፣ ቦዬ፣ ዶሮ፣ የዘንባባ ወጥ፣ ብርቅ ሥጋችን የሆነው የጫካ አይጥ በጢስ የደረቀ። የሰው ድስት መመለስ «መርዝ አምጥተሽብኛል» ማለት ነው። ናና መመለስ አልቻሉም፤ እውነቱን ለመናገር መመለስም አልፈለጉም። በሉ። አምሮት የቆየበት ሰው እንደሚበላው በሉ። ሚዛኑ ላይ ተመልሰው ሲቆሙ ሁለቱን ጆንያ ሞልተው አልፈዋል።

«በአንዴ ያራገፉትን በአንዴ ጫኑት» አሉ አፍራኮማ። ከዚያ በኋላ ማንንም አላማከሩም። የናና ሳህን ያው ትልቁ ሳህን ሆኖ ቀረ፤ ውስጡ ያለው ፉፉ ግን ከቀን ወደ ቀን እያነሰ፣ ቀጭኑ ወጥ እየበዛ ሄደ። ናና ገና ልብ ሳይሉ ሳምንት አለፈ። ጧት ጧት ደግሞ «ሙዙ ስንት ዘለላ አወጣ?» እያሉ ጓሮውን ያዞሯቸው ጀመር።

የቀረው የሕዝቡ ድስት ነበር፤ መምጣቱን አላቆመም። አንድ ቀን ናና ክዳኑን ከፍተው አሸተቱና መልሰው ከደኑት። ወደ እኔ ዞሩ።

«ባዱ፣ አንተ ለእኔ ምኔ ነህ?»

«አፍዎ ነኝ፣ ናና።»

«እንግዲያውስ ብላ።»

ክርክር ጀምሬ ነበር። ድስቱ የጫካ አይጥ በዘንባባ ወጥ ነበርና ክርክሬ ብዙም አልረዘመም። ባለድስቷ መጥታ ባዶ ድስቷን ስታይ እልል አለች። ከዚያ ወዲያ ለሹሜ የማልበላው አልነበረም። የናና አንገት እየታየ ሲመጣ የእኔው ጠፋ። ሚስቴ አንድ ቀን ልብሴን ስታጣጥፍ «ይሄ ያንተ ነው ወይስ የድንኳን?» አለችኝ። ቅናት ነው ብዬ አለፍኩት።

የበዓሉ ቀን ደረሰ። ተሸካሚዎቹ አልጋውን ወደ ላይ ሲያነሱ ቦአሄን ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለ። «ክብሩ ቀንሷል፣ ተመስገን!» ናና አልጋው ላይ ሆነው በትከሻቸው ሲጨፍሩ ሴቶቹ መሐረብ አውለበለቡ። እኔ እንደ ወጉ የወርቅ ጫፍ ያለውን በትሬን ይዤ ከፊት በእግሬ እመራለሁ። ፀሐዩ ያቃጥላል። ዳገቱ ጋ ስንደርስ ትንፋሽ አጠረኝ። ኩርባው ላይ እግሬ እምቢ አለ። ምን ላድርግ? መንገዱ መሐል ቁጭ አልኩ። በትሬ እየተንከባለለ ቁልቁል ወረደ።

ከበሮው ቆመ። ሹም አፉን ጥሎ አያልፍም፤ ያለ አፍ የደረሰ ሹም ዲዳ ሆኖ ደረሰ ማለት ነው። ከላይ፣ ከአደባባዩ፣ ታላቁ ሹምና አገሩ ሁሉ ቁልቁል ያዩናል።

«አጎቴ፣ ተነስ!» አለ ቦአሄን ጥርሱን ነክሶ። «ልጆቹ ዳገት ላይ ቆመው መያዝ አይችሉም!»

መነሳት አቃተኝ። አልጋው ሲወዛወዝ አየሁ፤ እኔው ልጥላቸው ነው ብዬ አምላኬን ለመንኩ። ናና ሽቅብ አደባባዩን አዩ። ከዚያ ቁልቁል እኔን አዩ። ከአልጋው ላለመውደቅ ስንት ጊዜ ተርበው እንዳደሩ እኔ አውቃለሁ።

«አውርዱኝ!» ብለው ጮኹ።

ተሸካሚዎቹ ደርቀው ቀሩ።

«አውርዱኝ አልኩ እኮ! ረዳቴ ወድቋል!»

ናና ወረዱ። ልብሳቸውን ጠቅለል አድርገው ትከሻቸው ላይ ጣሉና ክንዴን አንገታቸው ላይ አዞሩት። ወጣን። ላቤና እንባዬ ተደባልቆ መንገዱ አይታየኝም ነበር።

«ተንፍስ» አሉኝ። «በአንደኛ ማርሽ ነው የምንወጣው። ቀስ ብለን።»

አደባባዩ ላይ ስንደርስ ትንኝ እንኳ አይሰማም። የታላቁ ሹም አፍ በትሩን አቁሞ ድምፁን ከፍ አደረገ። «ታላቁ ሹም ይጠይቃሉ፤ የአሱክሮም ሹም በእግራቸው የመጡት ተሸካሚ አጥተው ነው?»

አፌን ከፈትኩ። የወጣው ሲር የሚል ነገር ብቻ ነው። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ቃል አጥቼ አላውቅም። ናና ጠበቁኝ፣ ጠበቁኝ፣ ከዚያ በገዛ አፋቸው መለሱ።

«መኪናዬ ዳገት ላይ ቆመብኝ» አሉ። «እየገፋሁ ነው የመጣሁት።»

 ከዚያ ታላቁ ሹም የልብሳቸውን ጫፍ ወደ አፋቸው ወሰዱ፤ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ይህን ጊዜ አደባባዩ በሳቅ ተናጋ፤ ከበሮውም ሳይታዘዝ ተነሳ።

ቅጣቱ አልቀረም። ስለወረዱ አንድ በግ፣ በገዛ አፋቸው ስለተናገሩ ሌላ በግ። የጎረቤት ከተማ ሽማግሌ «ሹማችሁ ወደቁ አይደል?» ሲል እናት ንግሥቷ ሰሙት። «የወደቀና የወረደ ለይተህ የማታይ ከሆነ ዓይንህን ታከም» አሉት።

ከበዓሉ ስንመለስ ቦአሄን ባዶውን አልጋ ከሰዎቹ ጋር ተሸክሞ ከጎኔ ይሄድ ነበር። ተበሳጭቷል።

«አጎቴ፣ ናናን ጠይቅልኝ። መጨረሻው በእግር መውጣት ከሆነ ያን ሁሉ ጊዜ ለምን ተራቡ?»

ናና ከፊታችን ሆነው ሰምተዋል። ጠጋ አልኩና ጆሮዬን ሰጠኋቸው። ምንም አላሉም። ወደ ቦአሄን ዞርኩ።

«ናና እንዲህ ይላሉ» አልኩት። «አምና ቢሆን ያንን ዳገት ብቻዬንም አልወጣውም ነበር፤ እንኳን ሰው ደግፌ።»

ናና ዞር ብለው አዩኝ፤ እርማት አልሰጡም።