ጨው የሌለው ሽፈራው

ባሌ ዳልጮ፣ ሴቻ በሚባለው ሰፈራችን ካለ አንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበር። ደሞዝ በወጣ ቁጥር ስኳር ሳይዝ ቤት አይገባም። በሰማንያ ስድስት ዓመተ ምህረት ግምገማ የሚሉት ነገር መጣ። ኃላፊው ገነነ አንድ የሥራ ባልደረባውን ሌባ ነው ብሎ እንዲመሰክርበት አዘዘው፤ ዳልጮ ያላየሁትን አላወራም አለ። እሱኑ አባረሩት። መባረሩስ ባልከፋ። ገነነ በሰው ሁሉ ፊት፣ "ያለ እኔ ደሞዝ ሦስት ወር አትቆይም። ደጄን ትጠናለህ" አለው።

ያችን ቃል ይዞ ቤት ገባ። በነጋታው የአባቱን የሽመና ዕቃ ከጨንቻ አወረደ። ከመሥሪያ ቤቱ በር ፊት ለፊት፣ ከገነነ መስኮት ትይዩ ካለ ዛፍ ሥር የሸማኔ ጉድጓድ ቆፈረና ሊሸምን ተቀመጠ። ገነነ ቀና ባለ ቁጥር እሱን ያያል። የሚሸምነው ለጎረቤት ብቻ ነው፤ በብር ፋንታ በቆሎና ጎደሬ ይቀበላል። ቀረጥ ያስከፍሉኛል ብሎ ገበያ አይወጣም። ቀረጥ የነካው ነገርም ቤቴ አይገባም አለ። ስኳር ቀረ፣ ሳሙና ቀረ፣ ላምባ ቀረ። ገነነና መንግሥቱ ከእኔ አንዲት ሳንቲም አያገኙም፣ ከእነሱም አልፈልግም ይላል። በመጨረሻ ጨውም ቀረ። ጉድ እኮ ነው!

የሴቻ ሰው አደነቀው። ማገዶ ተሸክሜ ዳገቱን ስወጣ፣ ወንድ ማለት ያንቺ ባል ነው ይሉኛል። ማገዶዬን አስተካክዬ አልፋቸዋለሁ። እሱ ያደመውን አድማ የማበስለው እኔ ነኛ! የበቆሎ ዱቄት ከጓሮ ሽፈራው ቅጠል ጋር፤ ጠዋት እሱ፣ ማታ እሱ።

ልጃችንን አቢጋኤልን በወለድኩ ሰሞን ገነነ፣ አጥፍቻለሁ ይበልና ይመለስ ብሎ ላከ። ተኝቼ ሰማሁ። አራስ ነኝ፣ ቅቤ የገባበት ገንፎ አምሮኛል። ዳልጮ መልእክተኛውን ከበር መለሰውና ያንኑ ጨው የሌለው ሽፈራው አቀረበልኝ። እያለቀስኩ በላሁት። ዳልጮን ተቀየምኩት፤ የረገምኩት ግን ገነነን ነው። ያን ሰውዬ አንድ ቀን እዚህ ቤት አምጣልኝ ብዬ ጌታን ለመንኩ። ቃሉ ይቅር በሉ እንደሚል ጠፍቶኝ አይደለም።

ጨው ከቀረ አምስት ዓመት አለፈ። ገነነም በተራው በግምገማ ተባረረ። ሥራ ቢፈልግ አጣ፣ ወዳጅ ያለው ሁሉ ሸሸው። የዳልጮ ግፍ ነው፣ ታረቀው አሉት። ሽማግሌዎች ይዞ መጣ። የሽማግሌዎቹ መሪ ጋሽ ኤርጫፎ እርጥብ ሣር ይዘው ከበራችን ተንበረከኩ፤ ገነነም ከኋላቸው። በእኛ በጋሞ እርጥብ ሣር ተይዞለት እምቢ የሚል ሰው የለም። ዳልጮ ሽማግሌውን ደግፎ አነሣና፣ በቃ ይቅር ብያለሁ አለ። ከገነነ ጋር ተቃቀፉ። የታረቀ ሰው ደግሞ አብሮ ይበላል፤ የቀረበለትን ገፍቶ ቢነሣ እርቁን አፈረሰ ማለት ነው።

ሣሩ የተያዘው በዳልጮ ፊት ነው። እኔስ? እኔን ማን ጠየቀኝ? አንዳቸውም ትዝ አላልኳቸውም።

ለሽማግሌዎቹ ከጎረቤት ጨው ለምኜ ለብቻቸው አቀረብኩ። ለገነነ በአራስነቴ የበላሁበትን ሳህን አወጣሁና ያንኑ በቆሎና ሽፈራው ሞላሁለት። አንዴ ጎረሰና ቀና ብሎ አየኝ።

"ጨው ረስተሻል መሰለኝ፣ እህቴ" አለ።

"አልረሳሁም። አምስት ዓመት እንደዚህ ነው የበላነው" አልኩት።

ጋሽ ኤርጫፎ ሣሩን አዩ፣ እኔን አዩ፣ አንገታቸውን ደፉ። የረሱት ነገር ያኔ ገባቸው። ዳልጮ ሳህኑን ሊያነሣ እጁን ዘረጋ፤ እሱንም አየሁት፣ እጁን መለሰ። ገነነ እያነቀው ሳህኑን እስኪጨርስ ከፊቱ አልተነሣሁም። ሲጨርስ ተቀበልኩትና ደግሜ ሞላሁለት።