ባንክ በተዘጋበት ቅዳሜ የሸጥኳት ባጃጅ

ቅዳሜ ከሰዓት ነው... ደብረ ማርቆስ ላይ ዝናቡ አባርቶ፣ ባጃጄን በር ላይ አውጥቼ ለገዢ እወለውላለሁ።

ለዓመታት የነዳኋት ናት። ጀርባዬን አሞኝ ሐኪሙ «ከዚህ በኋላ መንዳት ይቅርብህ» ስላለኝ፣ እሷን ሸጬ ትንሽ ሱቅ ልከፍት አስቤ ነበር። ላገኘሁት ሰው ሁሉ ነገርኩ። ኢንተርኔት ላይም ፎቶዋን ለቀቅኩ።

የመጣው ገዢ ጎልማሳ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። ሮብ ገበያ ከምትባለው ከተማ እንደመጣ ነገረኝ። «ጋሼ» እያለ፣ አንቱ እያለ ነው የሚያናግረኝ። ለምን እንደምሸጣት ሲጠይቀኝ ስለ ጀርባዬ ነገርኩት። ከንፈሩን መጠጠ። እናቱንም እንደዚሁ እንደሚያማት ነግሮኝ የሚቀባ መድኃኒት ሁሉ ጠቆመኝ።

ዋጋ ላይ ብዙም አልተከራከረም። ጎረቤቶች ጠርተን ውል ተፈራረምን። ስልኩን አውጥቶ ነካ ነካ አደረገና «ይኸው፣ ልኬዋለሁ» አለኝ። ወዲያው የኔም ስልክ ጮኸ። ከባንክ የሚመጣው ዓይነት መልእክት ነው... ስሜ አለ፣ የገባው ብር አለ፣ ቀሪ ሂሳብ አለ።

ባለቤቴ ትርንጎ በሩ ላይ ቆማ «ሰኞ ባንክ ሲከፈት አረጋግጠን ብትወስዳት ምን አለበት?» አለችው።

አልተቆጣም። «ልክ ነዎት እትዬ። እንግዲያው ብሬን መልሱልኝና ሰኞ እንገናኝ። እኔም እኮ ይህን ሁሉ ገንዘብ የማላውቀው ሰው ዘንድ ትቼ መሄድ ይከብደኛል» አላት።

አስቡት... ያልሰጠኝን ብር መልስ ሲለኝ የተሸማቀቅኩት እኔ ነኝ። ሂሳቤን በስልክ የማይበትን አገልግሎት አላስከፈትኩም፤ ባንኩ ዝግ ነው። በምን ልመልስለት? ሰውን በር ላይ አቁሜ እንደ ሌባ ያየሁት መሰለኝ።

ቁልፉን ሰጠሁት። «መንገድ ላይ ትራፊክ ቢጠይቀኝስ?» ሲለኝ ሊብሬውንም ጨመርኩለት። ስም ዝውውሩን ሰኞ ልንጨርስ ተቃጠርን። እግዜር ይስጥልኝ ብሎኝ ሄደ።

ሰኞ ጠዋት ባንክ ገባሁ። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ኮምፒውተሯን አየች፣ ስልኬን አየች፣ እንደገና ኮምፒውተሯን አየች። «ጋሼ... ይሄ መልእክት ከኛ የመጣ አይደለም» አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። ሂሳቤ ውስጥ ያለችው ድሮም የነበረችው ናት።

ደወልኩለት፤ ዝግ ነው። ፖሊስ ጋ ሄጄ ቃሌን ሰጠሁ። ቤት ስመለስ ትርንጎ ባጃጇ የምትቆምበትን ቦታ ስትጠርግ አገኘኋት። ብትናገረኝ ይሻለኝ ነበር።

ሳምንታት አለፉ። ተስፋ ከቆረጥኩ በኋላ አንድ የድሮ ባልደረባዬ ሹፌር ደወለልኝ። «ባጃጅህን ጉንደ ወይን አየኋት። ጣራዋ ላይ ያስበየድካት ብረት አትጠፋኝም» አለኝ።

ከፖሊስ ጋር ሄድኩ። ስንደርስ አንድ ሽማግሌ ገበሬ በባልዲ ውሃ እያጠቧት ነው። አያ ይሁኔ ይባላሉ። ፖሊሱ ከማን እንደገዟት ጠየቃቸው።

«ጌታነህ ከሚባል የማርቆስ ሰው» አሉት።

ጌታነህ እኔ ነኝ።

«ምን ዓይነት ሰው ነው አያ?» አልኳቸው።

«ደግ ሰው ነው። ጀርባውን አሞት፣ ሐኪም አትንዳ ብሎት ነው የሸጠልኝ። አዝኜለት ዋጋ እንኳ አላስቀነስኩትም። ልጄ ሠርቶ ይብላባት ብዬ ሁለቱን በሬዎቼን ሸጬ ጥሬ ብር ነው እጁ ላይ የሰጠሁት።»

ስሜን፣ ባጃጄን... ሕመሜን ሳይቀር ወስዶ ሸጦታል።

መታወቂያዬን አወጣሁ። እሳቸው ማንበብ አይችሉም፤ ፖሊሱ አነበበላቸው። ባልዲውን አስቀመጡና አጠገባቸው ያለ ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። ቀና ብለው አይተውኝ «ታዲያ አንተንም ጀርባህን ያምሃል?» አሉኝ።

«አዎ አያ» አልኳቸው።

ስሄድ ባጃጄን የያዘውን ሰው አንገቱን ላንቀው ነበር ሐሳቤ። እሳቸውን ሳይ ግን ተውኩት። እኔም ጎናቸው ተቀመጥኩ።

ነገሩ እስኪጣራ ባጃጇ ፖሊስ ጣቢያ ግቢ ትቁም ተባለ። ራሴው ነዳኋት። አያ ይሁኔ ከፖሊሱ ጋር እንደ ተሳፋሪ ከኋላ ተቀመጡ።

ሰውየው እስከ ዛሬ አልተያዘም። ባጃጇ የማን ትሁን የሚለው ጉዳይ ፍርድ ቤት ነው። እኔ ሱቁን አልከፈትኩም። እሳቸው የእርሻ ወቅት ደርሶባቸው የጎረቤት በሬ እየለመኑ ነው የሚያርሱት። ባጃጇን ደግሞ ዝናብ ይመታታል። ቀጠሮ በመጣ ቁጥር አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን እስክንጠራ እንጠብቃለን። ከሳሽና ተከሳሽ ነን ብንል የሚያምነን የለም፤ አባትና ልጅ ነው የምንመስለው።

ትናንትም ለሌላ ቀን ተቀጠርን። ስንወጣ ሻይ ቤት ገብተን ዳቦ በሻይ በላን። አያ ይሁኔ ዳቧቸውን ሻይ ውስጥ እየነከሩ «ስማ... ቢፈረድልህ ለሌላ ሰው እንዳትሸጣት። እኔው እገዛታለሁ» አሉኝ።

«በምን ይገዟታል አያ?»

«አሁንማ ምንም የለኝ። እህሉ ሲደርስ ቀስ እያልኩ እከፍልሃለሁ።»

እሺ አልኳቸው። ብር የላቸውም... የዚህኛውን ገዢ ቤት ግን አውቀዋለሁ።