ሶማልኛ የተናገረው ሳጥን

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ዓመተ ምሕረት የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ዛሬም የቀለጠ እርሳስ በሸተተኝ ቁጥር ድሬ ዳዋ ያለው የአባቴ ቤት ይመጣብኛል። ብዙ የተማርኩ ሰው አይደለሁም፤ ያየሁትን ግን አይቻለሁ፣ ማንም አላየህም ሊለኝ አይችልም።

በበጋው፣ ባቡር ጥገና የሚሠራው አባቴ አገር ለቆ ከሚሄድ ግሪክ አንድ አሮጌ ፕሪአምፕሊፋየር ገዝቶ መጣ። ከሸክላ ማጫወቻ የሚወጣውን ደቃቅ ድምፅ ተቀብሎ ለትልቁ ማጉያ የሚያቀብል፣ ውስጡ እንደ አምፖል የሚበሩ የመስታወት ቱቦዎች ያሉት ሳጥን ነው። ሸክላ ማጫወቻው፣ ማጉያውና ስፒከሩ ነበሩን፤ ሬዲዮ ግን አልነበረንም። ሳጥኑን ቢሰካው ዝም፤ ከፍቶ ቢያየው ሽቦውን አይጥ ቆረጣጥማዋለች።

በልጉን ሙሉ ከሥራ እየተመለሰ፣ ሸሚዙን አውልቆ፣ አቧራውን እየጠረገ፣ የተቃጠለውን እየለወጠ ይበይድ ነበር። አንድ ሽቦ ብቻ አጣ፤ ዙሪያውን በመዳብ መረብ የተሸፈነውን። መጋላ ገበያ ድረስ ሄዶ ፈልጎ ሲያጣ የበር ደወል ሽቦ ቀጠለበት።

«ሽቦ ሽቦ ነው» አለ።

በዚያው ሰሞን እናቴ ከጎረቤታችን ከሃሊማ ጋር ተኳርፋ ነበር። ሃሊማ መጋላ ጨርቅ የምትነግድ ሶማሌ ናት፤ የልብስ እጣቢያችን በአጥሩ ሥር እየወረደ በሯ ላይ ይተኛ ነበርና እሷ ትጮሃለች፣ እናቴ ደግሞ አልሰማም ትላለች።

ክረምት ገብቶ የደቻቱ ወንዝ መሙላት ሲጀምር፣ አንድ አመሻሽ ላይ፣ በሙቀቱ ምክንያት በርና መስኮቱ ሁሉ ተከፍቶ ሳለ አባቴ ሳጥኑን ሰካው። ቱቦዎቹ ቀላ ብለው በሩ። ሸክላ ገና አላስቀመጠም። ስፒከሩ ሽሽ አለና አንድ ወንድ በሶማልኛ መናገር ጀመረ።

ከሶማሊያ ጋር የነበረው ጦርነት ካለፈ ወራት ብቻ ነበር፤ የድንበር ማዶውን ጣቢያ ሲያዳምጥ የተገኘ ሰው ተወስዶ እንደሚቀር እኛ ልጆቹም እናውቅ ነበር። አባቴ ዘሎ ገመዱን ነቀለው። ሰውዬው ግን፣ ገመዱ አባቴ እጅ ላይ ተንጠልጥሎ እያለ፣ መናገሩን ቀጠለ፤ ከዚያ ቀስ በቀስ ሰልሎ ጠፋ። እናቴ አማተበች።

ወዲያው በመንገዱ ያልፍ የነበረ የቀበሌ ጠባቂ ጠመንጃውን እንዳነገተ ገባ።

«ጓድ፣ ሬዲዮኑ የታለ?»

«ሬዲዮ የለኝም።»

«ታዲያ ማን ነው የተናገረው?»

አባቴ ገመዱን ከኋላው ሸሸገ። እውነቱን ቢናገር ማን ያምነዋል?

ያኔ ሃሊማ ከአጥሩ በላይ ብቅ አለች። «አቦ፣ ባሌ ነዋ! የሱን ጩኸት ነው ሬዲዮ ያልከው? ወላሂ ቢሰማህ ይኮራብኛል!» ወደ ቤቷ ዞራ በሶማልኛ አንድ ነገር ጣል አደረገች፤ ባሏም ከውስጥ ያንን ወፍራም ድምፁን ለቀቀው፣ ልክ እንደ ሳጥኑ፣ ትንፋሽ ሳይወስድ። «በል ግባና ዝም አሰኝልኝ፣ እኔስ አቅቶኛል» አለችው። ጠባቂው ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ወጥቶ ሄደ።

እኛ አልሳቅንም። በዚያ ዓመት አንዲት ሶማሌ፣ ያውም የተጣላችን ሴት፣ የተጠረጠረውን ድምፅ ከኔ ቤት ነው አለች።

ሽፋን የሌለው ሽቦ የሬዲዮ ሞገድ እንደሚስብ፣ ቱቦዎቹም ገመዱ ተነቅሎ እስኪቀዘቅዙ ጥቂት እንደሚሠሩ ኋላ ነው የሰማሁት። ሳጥኑ ዛሬ እኔ ዘንድ ነው፤ ትክክለኛው ሽቦ ገብቶለት ሸክላ ብቻ ያሰማል። ልጆቼ ያሻቸውን አገር ጣቢያ በስልካቸው ይከፍታሉ፣ የሚደነግጥ የለም፤ ጥሩ ነው። የግቢዬ አጥር ግን አሁን ረጅም ግንብ ነው፣ ከላዩ ብቅ የሚል ሰው የለም።

በዚያ ምሽት ማግስት ጠዋት፣ ማንም ሳያዘኝ፣ ዶማ አንስቼ የእጣቢያችንን ቦይ ከሃሊማ በር መልሼ ወደ እኛው ደጃፍ ቆፈርኩት።