ዙቤዳ ያልጠራችው ስም

ዙቤዳ በአሰላ ከተማ የሰው ልጅ በማሳደግ የምትተዳደር ሴት ናት። ከሌላ አገር ተመድበው የመጡ መምህራንና ነርሶች የወለዷቸው ልጆች በእርሷ ጀርባ ላይ አድገው፣ ዛሬ ደብተር ይዘው ሲያልፉ መንገድ ላይ ቆመው ይስሟታል። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። በሰማሁት ብቻ ሰው አላመሰግንም፤ ረጅም ዘመን የእህል መጋዘን የጠበቀ ሰው በወሬ አያምንም።

ወደ ቤታችን የመጣችው ልጄ ሄለን ከወሊድ ፈቃድ ወደ ሆስፒታል ሥራዋ የምትመለስበት ጊዜ ሲደርስ ነው። የሄለን ባል ይስሃቅ በቆጂ ያስተምራል፤ ቤት የሚገባው ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ሕፃን ለማቀፍ እንጂ ለማጠብ አልሆንም። ስለዚህ ዙቤዳ ባትገኝ ኖሮ ሄለን ሥራዋን መተዋ አይቀርም ነበር።

ሕፃኗ ኖላዊት ትባላለች። ስሙን ያወጣው አባቷ ነው፤ ትርጉሙ ጠባቂ ማለት ስለሆነ እኔም ወድጄዋለሁ። ነገር ግን አንድ ስም በአንድ ግቢ ውስጥ ስንት ዓይነት ሆኖ እንደሚጠራ ያየሁት በዚህች ልጅ ነው። ይስሃቅ የመጀመሪያዋን ፊደል እንደ ቅዳሴ ዜማ ይስባታል። ሄለን «ኖሊ» ትላለች። ጎረቤታችን ባለጋሪው ከሊፋ በኦሮምኛ ልማዱ «ኖላዊቲ» ይላታል። እኔ እንደ ተጻፈው እጠራለሁ። ዙቤዳ ግን «ላዊት» ትላለች።

መጀመሪያ አንደበቷ አልያዘላት ይሆናል ብዬ አለፍኩት። ሆኖም የዙቤዳ አማርኛ ከብዙ የከተማ ሰው አማርኛ የጠራ ነው፤ ይህን ያህል ቋንቋ የምታውቅ ሴት አንዲት ፊደል አታቅታትም። እንግዲያስ ሆን ብላ ነው አልኩ። የሰው ልጅ ስም ከራሱ የሚቆረጠው ለምንድን ነው? ቀስ በቀስ ሌላ ስም ልታወጣላት ይሆን? የክርስትና ስም መጥራት ከብዷት ይሆን?

ጥርጣሬዬ የጠናው ልጅቷ ሲጠሯት መዞር በጀመረች ጊዜ ነው። በረንዳ ላይ ፀሐይ ስትሞቅ «ኖላዊት!» ብዬ ጠራኋት። ቀና እንኳ አላለችም። ዙቤዳ ከጓዳ ሆና በቀስታ «ላዊት» ስትል ግን አንገቷን አዙራ ሳቀች።

«ዙቤዳ!»

«አቤት ጋሼ።»

«የዚህች ልጅ ስም ማን ነው?»

«ያውቁታል እኮ ጋሼ።»

«ከአንቺ አፍ ልስማው።»

«ላዊት።»

«ሙሉውን!»

የሻሿን ጫፍ በጣቷ ታሽ ጀመር። «እኔ ዘንድ ይኸው ሙሉ ነው። ልጅቷም ምንም አልጎደለባትም።»

«ምክንያቱን ንገሪኝ።»

«እሱን ለመናገርም አፌ አይከፈትም ጋሼ።»

«እንግዲያስ ሰኞ ጠዋት ሙሉ ስሟን ጠርተሽ ግቢ። ካልሆነ አትምጪ።»

ሄለን ይህን ስትሰማ አገር ይያዝልኝ አለች።

«አባባ፣ ልጄን አዝዬ በሽተኛ መርፌ ልወጋ ነው? ለአንዲት ፊደል ብለው ከሥራዬ ሊያስወጡኝ ነው?»

«ዛሬ ፊደል የወሰደ ነገ ምን እንደሚወስድ አይታወቅም።»

«ነገ ምን? ልጅቷን በጋሪ ጭና ሮቤ ልትሸጣት ነው?»

«አይታወቅም» አልኳት።

ያልታወቀን ነገር ሄዶ ማየት ይገባል። እሁድ ዕለት ዙቤዳ ለቅሶ መሄዷን አረጋግጬ፣ ከሊፋን ወደ ቤቷ እንዲወስደኝ ጠየቅሁት። ጠዋት የሚያመጣት፣ ማታም የሚመልሳት እርሱ ነው።

«ጋሼ ግዛቸው፣ ጡረታ ወጥተውም ዘበኛ ነዎት እንዴ? ምን ጠፋብዎት?»

«አንድ ፊደል።»

«ወይ ጉድ! ፈረሴ ይህን ሁሉ ዳገት የሚወጣው ለአንድ ፊደል ነው?»

ቤቱ ከከተማው ጫፍ፣ ከማሳው አጠገብ ነው። ፀሐይ በሚመታው ግድግዳ ሥር አንድ ሽማግሌ በአጎዛ ላይ ተቀምጠዋል። የዙቤዳ ባል አባት ናቸው። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ የምትጦራቸው እርሷ ናት። አማርኛቸው ጥቂት ስለሆነ ከሊፋ በመካከላችን ያስተረጉም ነበር። ስማቸውን ጠየቅሁ። ከሊፋ ግራ ቀኙን አየና ዙቤዳ አለመኖሯን ሲያረጋግጥ «ኖህ ይባላሉ» አለኝ።

ያገባች ሴት የባሏን አባት ስም እንደማትጠራ ድሮም አውቃለሁ። ያላወቅሁት፣ ልማዱን አጥብቀው ለሚጠብቁ ሴቶች ክልከላው ከስሙ መነሻ ጋር እስከሚመሳሰል ሌላ ቃል ድረስ የሚሄድ መሆኑን ነው። ከሊፋ እንዳስረዳኝ ዙቤዳ የግድግዳውን ኖራ እንኳ «ነጩ» ትለዋለች እንጂ በስሙ አትጠራውም።

«ልጅዎ አርፏል፤ እርስዎ ቢፈቅዱላትስ?» አልኳቸው።

ሽማግሌው ሳቁ። «ልጄን የቀበርን ዕለት ፈቅጄላት ነበር። ወደ አባትሽ ቤት ብትሄጂም አልቀየምም፣ ስሜንም ጥሪ አልኳት። ስምዎን የጠራሁ ቀን ከዚህ ቤት የወጣሁ ቀን ነው አለችኝ። ይኸው እስከ ዛሬ እዚሁ አለች። ጥርሴ አለቀ፣ ዓይኔ ደከመ። ስሜ ብቻ በእርሷ አፍ ሳያረጅ፣ አዲስ እንደ ሆነ ቀረ።»

ቀጥለው ማንነቴን ጠየቁ። «ገብስ ልገዛ የመጣሁ ነኝ» አልኩ። ከሊፋ ይህን ሲያስተረጉም አፉን በፎጣው ሸፈነ። ሻይ ይፈላልዎ ቢሉኝም አልተቀመጥኩም።

ስንመለስ በጋሪው ላይ ነገሩን አሰላሰልኩት። እኔ ስም የሚከበረው ሳይጎድል ሲጠራ ነው ብዬ የኖርኩ ሰው ነኝ። እዚያ ቤት ደግሞ ባለመጠራት የተከበረ ስም አየሁ። የትኛው ክብር እንደሚበልጥ ለመፍረድ ትምህርቴ አይበቃም። ነገር ግን ሰኞ ጠዋት ዙቤዳን የምጠይቃት ምን እንደ ሆነ ተረዳሁ፤ በእኛ ደጅ ለመግባት ከገዛ ቤቷ እንድትወጣ ነበር።

ሰኞ ማለዳ በጉም ውስጥ መጥታ ደጁ ላይ ቆመች።

«ጋሼ፣ አልሆነልኝም። ልጅቷን ልሳማትና ልሂድ።»

«ማን ሂጂ አለሽ?»

«እርስዎ ነዎት እንጂ!»

«እኔ ያልኩት ሙሉውን ጥሪ ነው። አንቺ ዘንድ ሙሉ ከሆነ ጠርተሻል ማለት ነው። ግቢ፣ ልጅቷ አጥሚቷን አልጠጣችም።»

ጫማዋን አውልቃ ከገባች በኋላ ዘወር አለች።

«ጋሼ፣ ሻይ ሳይጠጡ ሄዱ ብለው አማቴ ተቀይመዋል። ደግሞ ገብስ የለንም፤ የዘራነው ስንዴ ነው።»

ሄለን ካፖርቷን እየለበሰች «የምን ገብስ?» አለች።

«ሥራ ይረፍድብሻል» አልኳት።

ዛሬ ልጅቷ ድክ ድክ ትላለች። በየትኛውም አጠራር ብትጠራ ትዞራለች፤ ለዙቤዳ ግን ፈጥና ትዞራለች። እኔ አሁንም ስም ተሟልቶ መጠራት አለበት ባይ ነኝ። ስለዚህ ሦስታችን ወደ ገበያ ስንወጣ መንገደኛ ቆሞ «ይህች ቆንጆ ማን ትባላለች?» ያለ እንደ ሆነ፣ ዙቤዳ ወደ እኔ ትመለከታለች፤ እኔም እመልሳለሁ።