ለራዲያተር የፈሰሰ የመጠጥ ውሃ

ድሬዳዋ ውስጥ መኪና ያለው ሰው ከኋላ ወንበሩ ጀርባ አንድ ቢጫ ጀሪካን ውሃ አያጣም። የዘይት ጀሪካን ነው፤ ዘይቱ አልቆ ውሃ የገባበት። ከተማው ይሞቃል፣ መኪኖቻችን አሮጌ ናቸው፣ ወደ ደጋው የሚያወጣው የደንገጎ ዳገት ደግሞ ማንንም አይምርም። ባለቤቴም እንደ ሰዉ ሁሉ ጀሪካኑን ይዞ ይዞር ነበር። ከመኪናው ያወጣሁት እኔ ነኝ።

ያወጣሁበት ምክንያት ዛሬም ትክክል ይመስለኛል፤ ሀፍረቱን የባሰ የሚያደርገውም እሱ ነው። የቧንቧችን ውሃ ኖራ አለበት። ሻይ የምናፈላበት በራድ ውስጡ ነጭ ቅርፊት ይሠራል፤ አልፎ አልፎ በሎሚ ካልፈተግነው ቅርፊቱ እየወፈረ ይሄዳል። አንድ ቀን በራዱን እንደያዝኩ ወደ ግቢ ወጣሁ። ባለቤቴ ኮፈኑን ከፍቶ ራዲያተሩ ላይ ውሃ ይጨምራል።

«እስቲ ይህን እይ» አልኩት። «የመኪናዋም ሆድ እንዲህ ነው የሚሆነው።»

«ታዲያ ምን ላጠጣት? እኛ የቧንቧ እየጠጣን ለእሷ የታሸገ ልግዛላት?»

«የማቀዝቀዣ ፈሳሽ፣ ኩላንት ነው የሚጨመርላት። ኖራ አይሠራባትም፣ አትዝግም፣ ቶሎም አትፈላም።»

«አቦ፣ የማታ ተማሪ ያገባ ሰው ጉዱ ይሄ ነው» አለ እየሳቀ።

የማታ ተማሪነቴ እውነት ነው። ልጅነቴ ቢዮ አዋሌ አካባቢ ውሃ በመቅዳት አለፈ። ፊደል የቆጠርኩት ድሬ ገብቼ፣ ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ነው። ዘግይቶ የተማረ ሰው ያነበበውን በግማሽ ልብ አያምንም፤ እኔም የመኪናዋን መመሪያ መዝገበ ቃላት ይዤ አነበብኩት። አሮጌውን ውሃ አስደፋሁ፤ ውስጡን አሳጠብኩ፤ ተበጥብጦ የሚሸጠውን አረንጓዴ ኩላንት አስሞላሁ። ከዚያ ወዲህ በየማለዳው፣ ሞተሩ ሳይሞቅ፣ ኮፈኑን ከፍቼ የኩላንቱ ዕቃ ላይ ያሉትን ሁለት መስመሮች አያለሁ። ፈሳሹ በመካከላቸው ከሆነ ዘግቼ ወደ ሥራዬ። ባለቤቴ በልማድ የቧንቧ ውሃ እንዳይቀላቅልበት ብዬ ጀሪካኑን መታጠቢያ ቤት አስገባሁት።

ባለፈው ዓመት አንድ ቀን ቀትር ላይ የአማቴ ታላቅ እህት ማረፏ ተሰማ። ቤቷ ከዳገቱ ራስ ወዲያ ባለ መንደር ነው። ቀብሩ ከዐስር፣ ከከሰዓቱ ሶላት፣ በኋላ ነው ተባለ። አብራን የምትኖረው አማቴ የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የመገነዣው ጨርቅ፣ ከፈኑ፣ ሳይታሰር የእህቷን ፊት ማየት። ከኢድ ወዲህ አልተያዩም። ጉልበቷን ያማታል፤ እኛም «በሚቀጥለው ሳምንት በመኪና እንወስድሻለን» እያልን ስንቱን ሳምንት አሳለፍን። አንቺ እያልኩ ነው የምጠራት፤ ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም የለም። ያን ቀን ግን ከሀፍረቴ እንደ ባዕድ አንቱ ብላትና ብሸሻት በወደድኩ።

ሦስታችን በመኪና ተነስተን ዳገቱን ስናጋምስ የሙቀት መለኪያው ቀስት ወደ ላይ ተነሳ። ወዲያው ከኮፈኑ ጥግ ነጭ እንፋሎት ወጣ፤ ጣፋጭ ጣፋጭ የሚል ሽታ መኪናው ውስጥ ገባ። ባለቤቴ ዳር አውጥቶ አቆመ። የራዲያተሩ የላይኛው ጎማ ቱቦ ተሰንጥቋል። ያ ስጠብቀው የኖርኩት አረንጓዴ ፈሳሽ አስፋልቱ ላይ ቁልቁል ይወርዳል። በየማለዳው መስመር ሳይ ኖሬ ቱቦውን አንድ ቀን እንኳ በእጄ ጫን ብዬ አላየሁትም ነበር።

ሞተሩ ትንሽ ሲበርድ ባለቤቴ የካላማዳሪ ቁራጭ፣ ያው የጎማ የውስጥ ላስቲክ፣ ስንጥቁ ላይ እያጠበቀ ጠመጠመ።

«ይሄ እስከ እዚያ ይይዛል» አለ። «ውሃ ሞልተን ቀስ እያልን እንወጣለን።»

ወደ ኋላ ሄዶ በሩን ከፈተ። የጀሪካኑ ቦታ ባዶ ነው። ከዚያ እኔን አየኝ። መልሶ ዘጋው። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ቁልቁል የሚወርድ የጭነት መኪና ሾፌር አንገቱን አወጣ። «ሻዩ ደረሰ ወይ?»

«ስኳር ጠፍቶ ነው፣ ወርውርልን» አለው ባለቤቴ። ሾፌሩ ስቆ አለፈ፤ እኔ ግን ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብኩ።

ባለቤቴ ሽቅብ የሚወጣ ሚኒባስ አስቆመ። አንድ ቦታ ብቻ ነበረው። «እማ፣ አንቺ ቅደሚ። እንደርስብሻለን።»

«እንደ መካን ብቻዬን ለቅሶ ቤት ልግባ?» አለች አማቴ ከተቀመጠችበት ድንጋይ ሳትነሳ። «አብረን ነው የምንገባው።»

«ወላሂ አልጠብቅም» አለ የሚኒባሱ ሾፌር። ሄደ። አማቴ ፀሐይዋን ቀና ብላ አየች፤ ዐስር ሶላት እየቀረበ ነበር።

አንዲት ሴት ከመንገዱ ዳር ገደል ብቅ ያለችው ያኔ ነው። ከታች ካለው ምንጭ የቀዳችውን ጀሪካን በገመድ አዝላለች። አማቴ በኦሮምኛ ሰላም አለቻትና ለቅሶ እየሄድን መሆኑን፣ መኪናዋም ውሃ እንዳለቀባት ነገረቻት። ሴትየዋ ሌላ ጥያቄ አልጠየቀችም። ጎንበስ ብላ ሸክሟን ድንጋይ ላይ አሳረፈችና ገመዱን ከደረቷ ፈታች። ያ ገመድ የት የት ላይ እንደሚቆርጥ አውቃለሁ።

«ግማሹ ይበቃናል» አልኳት። «ለመጠጥ ነው የቀዳሽው።»

«አብሽሪ። ውሃ መንገድ ላይ ተጠይቆ ይከለከላል እንዴ? መጀመሪያ እናንተ ጠጡ።»

አማቴ በመዳፏ ጠጣች። የቀረውን ባለቤቴ ተቀበለ፤ የራዲያተሩን ክዳን በጨርቅ ይዞ ቀስ ብሎ ከፈተና ማፍሰስ ጀመረ። ሞተሩ ውሃውን እየተንቦቀቦቀ ዋጠው። ከጠርዙም ይፈስ ነበር። ልጅ ሳለሁ እንዲህ ካፈሰስኩ አልማርም ነበር፤ እናቴ ከመንገዱ አቧራ ላይ እርጥቡን አይታ ታውቅብኝ ነበር። አሁን የሰው ጀርባ ያወጣውን ውሃ ብረት ሲጠጣው ቆሜ አየሁ። ሲያልቅ ሴትየዋ ባዶውን ጀሪካን አዝላ ወደ ገደሉ ተመለሰች።

ደረስን። እህትየዋ ታጥባ ተከፍናለች፤ ፊቷን ግን እኛ እስክንደርስ ሳይሸፍኑ ጠብቀዋል። አማቴ በልጇ ክንድ ተደግፋ ገባች፤ በጉልበቷ ተንበርክካ የእህቷን ግንባር በእጇ ዳሰሰችው። ጉልበቴን አላለችም፤ ያ ሁሉ ሕመም የት እንደሄደ አላውቅም።

ወንዶቹ ሬሳውን ይዘው ከወጡ በኋላ ሴቶቹ መካከል ተቀምጠን አንዷ «ምን አዘገያችሁ?» አለች።

«መኪናዋ ፈላች» አለች አማቴ። «የልጄ ሚስት ውሃ ይዛ ባትነሳ ኖሮ መንገድ ቀርተን ነበር። የተማረች ናት፤ ሁሉን አስባ ነው ከቤት የምትወጣ።»

«ማሻአላህ» አሉ ሴቶቹ፤ ዞረው አዩኝ። እኔ የምንጣፉን ጥልፍ አየሁ። ያን ጠዋት አማቴ ለሶላት ታጥባ ውዱእ ያደረገችው መታጠቢያ ቤት ካለው ጀሪካን ነው። የት እንዳለ ከእኔ እኩል ታውቃለች። ገመናዬን በዘመዶቿ ፊት ሸፈነችልኝ፤ እኔም አፌን ዘግቼ ተሸፈንኩ።

ቱቦው ከተቀየረና ኩላንቱ እንደገና ከተሞላ በኋላ አማቴን ይዘን ሌላ ቀን ወጣን። ጀሪካኑን በሳሙና አጥቤ እስከ አፉ ሞልቼ ጭኜ ነበር። ውሃዋን የሰጠችንን ሴትዮ እዚያው ዳገት ላይ፣ ባዶ ጀሪካኗን ይዛ ወደ ምንጩ ልትወርድ ስትል አገኘኋት። የእኔን አቀረብኩላት። ከፍታ በመዳፏ ቀመሰች።

«የድሬ ነው?»

«አዎ።»

«ኖራው ምላስ ላይ ይቀራል» አለች፣ ያለ ምንም ክፋት። «ለልብስ ይሆነኛል። አላህ ይስጥልኝ።»

ለመኪና አይሆንም ብዬ የከለከልኩትን ውሃ ለሰው እንዳመጣሁ የገባኝ ገና ያኔ ነው። አማቴ በመስኮት ሰምታ ትስቃለች። «ለብረቷ የከለከልሽውን ነው ለሰው ያመጣሽው? አቦ፣ አንቺስ!»

ሴትየዋ ውሃውን ወደ ራሷ ጀሪካን ገለበጠችና የእኔን አንስታ መውረድ ጀመረች። ዕቃ ባዶውን አይመለስም አለችኝ። ተይ እያልኩ ተከተልኳት፤ አልሰማችኝም። ምንጩ ጋ ሞልታ ልታዝለው ስትል ገመዱን ቀማኋት። የከተማ ጫማዬን አይታ ፈገግ አለች፤ ግን ሰጠችኝ።

ገመዱ ደረቴ ላይ የድሮ ቦታውን አገኘ። ትንፋሼ እየተቆራረጠ መንገዱ ላይ ስደርስ ባለቤቴ ሊቀበለኝ እጁን ዘረጋ፤ አልሰጠሁትም። ከኋላ ወንበሩ ጀርባ ራሴ አስቀመጥኩት።

«አየሽ» አለች አማቴ ወደ ፊት እያየች፤ «አሁን እኔም ለቅሶ ቤት ባልኩት ውሸታም አይደለሁም።»

ሞተሩ ተነሳ። ደረቴን እያሻሸሁ የሙቀት መለኪያውን ቀስት ማየት ጀመርኩ።