ለቆርቆሮ ብዬ ያወጣሁት ምስጢር

ይህን ነገር ለሰው ተናግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴ ሁለት ጊዜ ጀምሬላቸው ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ መሃል ላይ ወደ ሌላ፣ ወደ ቀለለው ኃጢአት አዞርኩት። እሳቸውም እግዚአብሔር ይፍታሽ ብለው ሸኙኝ። ያልተናገርኩት እንዴት ይፈታል? አሁን እኔ አርጅቻለሁ፣ እሳቸውም አርፈዋል። ለማታውቁኝ ለእናንተ መናገር ስለቀለለኝ ነው የምጽፈው። ይህም ያው ፍርሃት ነውና ደፋር እንዳትሉኝ።

በደርግ ዘመን አስተማሪ ነበርኩ። የጅማ ልጅ ነኝ፤ ያስተማርኩት ግን ወደ አጋሮ በሚወስደው መንገድ ላይ ካሉት ትንንሽ የቡና ከተሞች በአንዷ ነው። ምላሴ ስል ነበር። ሰው ማሳቅ እወድ ነበር፤ ሰው ሲስቅልኝ ደግሞ ማቆም አላውቅበትም።

ትምህርት ቤታችን የሁለት ክፍል ግድግዳ አቁሞ ለጣሪያው ቆርቆሮ አጣ። በየዓመቱ ጥር ላይ፣ ሰዉ ቡናውን ሸጦ እጁ ላይ ገንዘብ ሲኖር፣ ወላጆችን እሑድ ሜዳው ላይ እንሰበስባለን። ንግግር ይደረጋል፣ መዝሙር ይዘመራል፣ ሰዉም አጨብጭቦ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ገንዘብ የለም። መላውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ማንም አልመከረኝም፣ ማንም አላዘዘኝም፤ እኔ ነኝ።

መላዬ ይህ ነበር፦ ከየክፍሉ አንደኛ የወጡትን ልጆች መድረክ ላይ አቆማቸዋለሁ። ልጁ ከቀበሌ በተዋስነው የድምፅ ማጉያ አባቱን ወይም እናቱን በስም ይጠራል። ወላጅ ይነሳና የሚሰጠውን ይናገራል። ካነሰ እኔ ማጉያውን ተቀብዬ እቀልድበታለሁ፤ ሰዉ ይስቃል፤ ወላጅ ይጨምራል። ልጁ የሚወርደው እኔ በቃ ስል ነው። ልጁን እያየ እምቢ የሚል ወላጅ የትም አይገኝም። ይህን አውቅ ነበር፤ መላው የቆመው በዚሁ ላይ ነው። ዳይሬክተሩ ሲሰማ አቀፈኝ።

ታደለች የአምስተኛ ክፍል አንደኛ ነበረች። አባቷ አቶ ኤርሲዶ ከከምባታ የመጡ፣ ቡና መፈልፈያው ውስጥ ጆንያ የሚሸከሙ ሰው ናቸው። ቤተሰቡ ጴንጤ ነው። የዚያን ጊዜ ጸሎት ቤታቸው ታሽጎ ነበር፤ ተሰብስቦ መጸለይ ያሳስራል። ይህን የማያውቅ በከተማው አልነበረም።

ታደለች ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከጥናት ትቀር ነበር። አንድ ቀን ለብቻዋ አስቀርቼ ለምን እንደሆነ ጠየቅኋት። ለማንም አልናገርም አልኳት። "እትዬ፣ ይማሉልኝ" አለች። ማልኩላት። ያን ጊዜ ነገረችኝ፤ ሐሙስ ቤታቸው ውስጥ ሰዎች ይጸልያሉ፣ እሷ ደጅ ላይ ሆና መንገድ ትጠብቃለች፣ አባቷም ከቀን ሥራቸው ከአሥር አንዱን ለእግዚአብሔር ብለው በወተት ጣሳ ያስቀምጣሉ። ጎበዝ፣ ምስጢር ጠባቂ ነሽ ብዬ ራሷን ዳበስኳት። በዚሁ እጄ።

ያ እሑድ ደረሰ። ሜዳው ሞላ። የቀበሌው ሊቀመንበር ከሁለት ጓዶቹ ጋር ፊት ለፊት ወንበር ላይ ተቀምጧል። አንድ ሐጂ ለልጃቸው ሦስት መቶ ብር ሲሉ ሜዳው ተናወጠ። "ገለቶማ ሐጂ፣ አላህ ይጨምርልዎት" አልኩ። ጭብጨባው ገና ሳይበርድ የታደለች ተራ ሆነ። ማጉያው ለእጇ ይከብዳት ነበር። "አባዬ" ብላ ተጣራች።

አቶ ኤርሲዶ ከኋላ ተነሱ። የለበሱት ኮት ለበዓል የሚለብሱት እንደሆነ ያስታውቃል። "መምህርት፣ ለልጄ ሰስቼ አይደለም። አምስት ብር ይጻፉልኝ" አሉ።

አምስት ብር ለእሳቸው ብዙ ነበር። ይህንንም አውቅ ነበር። ግን ከሦስት መቶ ቀጥሎ አምስት ሲባል የሜዳው ሙቀት ቀዘቀዘብኝ፣ እኔም አብሬ የቀዘቀዝኩ መሰለኝ። ማጉያውን ከልጅቷ ተቀበልኩ።

"አቶ ኤርሲዶ፣ ለሐሙሱ ጸሎት ከአሥር አንድ፣ ለእኛ አምስት ብር ብቻ? ታደለች፣ አባትሽን ያቺን የወተት ጣሳ ይዘው ይምጡ በያቸው።"

ሰዉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

አመለጠኝ ልበላችሁ? ብዙ ዓመት ለራሴ እንደዚያ ስለው ኖሬያለሁ፤ አፌ ቀደመኝ፣ ሊቀመንበሩ መኖሩን ረሳሁት እያልኩ። ውሸት ነው። ከመናገሬ በፊት ሊቀመንበሩን አይቼዋለሁ። ዓይን ለዓይን ተያይተናል። ተናገርኩ፤ እያየሁት ተናገርኩ። ለአንድ ሳቅና ለጥቂት ብር ስል የሰው ሕይወት በማጉያ አሰማሁ።

አቶ ኤርሲዶ እኔን አላዩኝም። ያዩት ልጃቸውን ነው። ከቤት የወጣው ወሬ በማን አፍ እንደወጣ እዚያው ገባቸው። ታደለች አንገቷን ደፋች። እሳቸውም "ሃያ ብር ይጻፉልኝ" አሉ። ይህን ያሉት ዝም እንድልላቸው መሆኑን ማን ያጣዋል? እኔም በቃ አልኩ፤ ልጅቷ ወረደች፤ ሰዉ አጨበጨበ።

ጸሎታቸውን አልተዉም ነበርና በሚቀጥለው ሐሙስ ቤታቸው ተከበበ። ሰባት ሰው ተያዘ፤ አቶ ኤርሲዶ ጅማ ተወስደው ታሰሩ።

አርብ ዕለት እኔን ቀበሌ አስጠሩኝ። ሊቀመንበሩ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከማን ሰማሽ? ገበያ ላይ ሲወራ ሰማሁ ማለት እችል ነበር። ማን ያጣራኛል? ግን ከእነሱ ጋር ትሰበሰቢያለሽ እንዳይሉኝ ፈራሁ። ታደለች ነገረችኝ አልኩ። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ስም ሰጥቼ ወጣሁ። ቤቴ ገብቼ ምሳዬን በላሁ።

ከዚያ ለጥያቄ ልጅቷን ጠሯት፤ ግማሽ ቀን አቆይተው ለቀቋት። ከተያዙት ሰዎች ሚስቶች አንዷ ከዚያ በኋላ የእነታደለችን ደጅ አልረገጠችም ሲባል ሰምቻለሁ። ልጅቷ አወጣችው ተባለ። እውነትም ነበር፤ ለእኔ ነግራኛለችና። መሐላውን የምናውቀው ግን እኔና እሷ ብቻ ነን።

ሰኞ ታደለች ወደ መምህራን ክፍል መጣች። በመሐረብ የተቋጠረ ሳንቲም ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። "እትዬ፣ እናቴ ናት የላከችኝ። አባዬ ሰው ፊት የተናገረው ነው፣ ይከፈል ብላለች።" ሃያ ብር፣ አብዛኛው ስሙኒ ነበር። ከየትኛው ጣሳ እንደመጣ ለማወቅ መጠየቅ አላስፈለገኝም። መልሼ ውሰጂው ማለት እችል ነበር። ሌሎቹ መምህራን ያያሉ ብዬ ፈራሁና ተቀበልኳት። ደረሰኝም ቆረጥኩላት። ደረሰኙን በሁለት እጇ ተቀብላ ወጣች፤ ከዚያ ወዲያ ትምህርት ቤት አልመጣችም።

ክፍሎቹ ጣሪያ አገኙ። እኔ ተመሰገንኩ፤ በሚቀጥለው ዓመትም ማጉያውን የያዝኩት እኔው ነኝ። አቶ ኤርሲዶ ከዓመት በላይ ታስረው ሲወጡ ደረታቸው ታሞ ነበር፤ ጆንያ ማንሳት አልቻሉም። ሁለት ክረምት ሳይቆዩ ሞቱ። ለቀብር አልሄድኩም።

ታደለችን ያገኘኋት መንግሥት ከተለወጠ ብዙ ዓመት ቆይቶ ጅማ ገበያ ውስጥ ነው። ሽንኩርትና ቃሪያ ትሸጣለች። እኔ አላወቅኋትም፤ እሷ ናት ተነስታ በሁለት እጇ የጨበጠችኝ። ጤናዬን ጠየቀች፣ ሽንኩርት መርጣ ቋጠረችልኝ፣ ዋጋ አልቀበልም አለች። አሁን ልናገር ብዬ አፌን ስከፍት እሷ ቀደመችኝ።

"እትዬ፣ እስከ ዛሬ ይቅርታ ሳልጠይቅዎት ቆየሁ። ያን ጊዜ አፌን ባለመጠበቄ አባቴን አሳሰርኩ። እርስዎንም በእኔ ምክንያት ቀበሌ አስጠሩዎት።"

ሠላሳ ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረውም ነበር። ያን ሁሉ ዘመን አባቴን የገደልኩት እኔ ነኝ ብላ ኖራለች። እኔ ማልኩልሽ፣ እኔ አወጣሁት፣ ስምሽንም የሰጠሁት እኔ ነኝ ለማለት ምን ይፈጃል? አንድ ትንፋሽ አይፈጅም። አጠገባችን ቃሪያ የምትመርጥ ሴት ነበረች። ሴትዮዋን አየኋት። ሰው ይሰማል ብዬ አፈርኩ፤ በሜዳ ሙሉ ሰው ፊት ያላፈርኩት እኔ።

"አይዞሽ ልጄ፣ ልጅ ነበርሽ" አልኳት። "ይቅር ብዬሻለሁ።"

እጄን ሳመችኝ። ሽንኩርቱን ይዤ ሄድኩ።

በሌላ ቀን ተመልሼ እነግራታለሁ አልኩ። ሳልመለስ ዓመታት አለፉ። አምና ልሄድ ተነስቼ ስጠይቅ ሞታለች አሉኝ። እናንተን ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ ይቅርታው የእሷ ነበር፣ እሷም የሞተችው የእኔን በደል የራሷ ነው ብላ፣ እኔም ይቅር ብያታለሁ።